«ኧረ ይተነፍሳል!»

አንድ ሰው ድንገት ሲወድቅ በአካባቢው ካሉት አንዱ «አይዟችሁ፣ ይተነፍሳል» ማለቱ አይቀርም። ሲታይም የሚተነፍስ ይመስላል። አፉ ይከፈታል፣ አየር ይስባል፣ አንዳንዴም እንደሚያንኮራፋ ሰው ድምፅ ያወጣል። የከበበው ሰው እፎይ ይላል። አምቡላንስ እስኪመጣ ቆሞ ይጠብቃል። ሰው የሚያመልጠን ይሄኔ ነው።

ልብ ቀጥ ሲል ትንፋሽ ሁልጊዜ አብሮት ቀጥ አይልም። ደም መዞሩን ቢያቆምም፣ ከአንጎል ሥር ያለው ትንፋሽን የሚቆጣጠረው ክፍል ለጥቂት ደቂቃ ትእዛዝ መላኩን ሊቀጥል ይችላል። ሰውየው ያጣጥራል። አንዴ በኃይል ይስባል፣ ከዚያ ዝም። ቆይቶ ደግሞ አንዴ። እንዲህ የሚያደርግ ሰው እየተነፈሰ አይደለም። ልቡ ቆሟል ብላችሁ ወዲያው ደረቱን መጫን አለባችሁ።

የጤና ባለሙያ አይደለሁም፣ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። መሥሪያ ቤታችን የመጀመሪያ እርዳታ ስልጠና ሲያዘጋጅ ከየክፍሉ አንድ አንድ ሰው ይምጣ ተባለ። ከእኛ ክፍል ማንም መሄድ ስላልፈለገ እኔ ተላኩ። በስልጠናው ላይ ስለ ማጣጣር የተነገረን በጣም አጭር ነበር፤ አሰልጣኛችን ግን ደጋግማ «እንዳትሸወዱ» ትል ነበር። ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ያ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አብረውኝ የሚሠሩ ትልቅ ሰው ዓይኔ እያየ ወደቁ።

ፕሪንተሩ አጠገብ ቆመው ወረቀት እየጠበቁ ነበር። አልተንገዳገዱም፣ ደረቴን አመመኝም አላሉም። እጃቸውን እንኳ ሳይዘረጉ በቁማቸው ተደፉ። ስንደርስ እጅና እግራቸው ይንቀጠቀጣል። «የሚጥል በሽታ ነው፣ አትንኳቸው!» አለ አንዱ። ይህም ሰው ከሚሸወድባቸው ነገሮች አንዱ ነው። ልብ ድንገት ሲቆም አንጎል ደም ስለሚያጣ ሰውነት ለጥቂት ሰከንድ ሊንዘፈዘፍ ይችላል። መንዘፍዘፉ ካቆመ በኋላ ሰውየው የማይነቃና በደንብ የማይተነፍስ ከሆነ፣ የሚጥል በሽታ ነው ብሎ መጠበቅ ትርፉ ጊዜ ማባከን ነው።

ሌላው ውሃ ሊያመጣ ሮጠ። አንዷ ደግሞ ቀና አድርገን እናስቀምጣቸው አለች። ሁለቱም ከደግነት የመጣ ነው፤ ሁለቱም ግን ይጎዳል። ራሱን የሳተ ሰው መዋጥ ስለማይችል የምታጠጡት ውሃ ወደ ሳንባው ይገባል። የተቀመጠ ሰው ደግሞ ደረቱን መጫን አይቻልም። ለመርዳት ሰውየው በጀርባው፣ ጠንካራ ነገር ላይ መተኛት አለበት። አልጋ ወይም ሶፋ ላይ ከሆነ ወደ ወለል አውርዱት። ፍራሽ ላይ ስትጫኑ የሚወርደው ፍራሹ ነውና።

በጀርባቸው ገለበጥናቸው። ሁለቱን ትከሻቸውን ይዤ እየነቀነቅኩ «ጋሼ! ይሰሙኛል? ጋሼ!» አልኩ። መልስ የለም። አንዱን መዳፌን ግንባራቸው ላይ አሳርፌ፣ በሌላው እጄ ጣቶች አገጫቸውን ወደ ላይ አነሳሁ። ራሱን የሳተ ሰው ምላሱ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ጉሮሮውን ሊዘጋው ይችላል። አገጩ ሲነሳ ምላሱም አብሮ ይነሳል። ከዚያ ጉንጬን ወደ አፍንጫቸው አስጠግቼ ዓይኔን ደረታቸው ላይ ተከልኩ። ለዚህ የሚፈቀደው ጊዜ ቢበዛ 10 ሰከንድ ነው።

በዚያ 10 ሰከንድ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ አጣጣሩ። መንጋጋቸው ከፈት አለ፣ ከጉሮሯቸው የሚያስፈራ ድምፅ ወጣ፣ ከዚያ ምንም። ከኋላዬ «ተያቸው እህቴ፣ ይተነፍሳሉ! እንዳትጎጃቸው!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም እሱን ማመን ፈልጌ ነበር። ይተነፍሳሉ ካልኩ ምንም ማድረግ አይጠበቅብኝም። ግን ደረታቸው በተከታታይ ከፍ ዝቅ አይልም። በሰላም የሚተነፍስ ሰው በ10 ሰከንድ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ያለ ትግል ይተነፍሳል። እኔ ያየሁት ያንን አልነበረም።

የእጅ ትርታ ያልፈለግኩት ሆን ብዬ ነው። ለእኛ ለተራ ሰዎች አይመከርም። በድንጋጤ ሰዓት የራሳችን ትርታ ጣታችን ላይ ሲመታ የሰውየው ሊመስለን ይችላል። አይነቃም፣ በደንብም አይተነፍስም፤ ይህ ለመጀመር በቂ ነው። ተሳስታችሁ ልቡ የሚመታ ሰው ላይ ብትጀምሩስ? ያመዋል፣ ምናልባት ይጮህባችኋል። ከባድ ጉዳት የሚደርሰው ግን ከስንት አንዴ ነው። በሌላ በኩል ልቡ የቆመን ሰው ቆሞ ማየት መጨረሻው የታወቀ ነው። ኦክስጅን ያጣ አንጎል በ4 ደቂቃ ገደማ መጎዳት ይጀምራል።

«አንድ ሰው አምቡላንስ ይጥራ!» ብላችሁ አትጩሁ። ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል፣ ማንም አይደውልም። አንዱን በጣት አሳዩት። እኔ «አንቺ፣ ባለ ቀይ ሹራቧ፣ አምቡላንስ ጥሪ። ስልኩን ላውድ አድርጊውና እዚህ አጠገቤ አስቀምጪው» አልኳት። ጥበቃውን ደግሞ «ኤኢዲውን (የልብ ንዝረት መስጫ ማሽኑን) አምጣ» አልኩት። ስልኩ ላውድ መሆኑ ጠቀመኝ። የአምቡላንስ ስልክ የሚያነሱት ሰዎች በብዙ አገር ምን ማድረግ እንዳለባችሁ እየነገሩ፣ አብረዋችሁ እየቆጠሩ ይመሯችኋል። ለእነሱም ቢሆን «ይተነፍሳል» ብላችሁ አትዝጉት። «አልፎ አልፎ ያጣጥራል» በሏቸው፤ ወዲያው ይገባቸዋል። ብቻችሁን ከሆናችሁም ስልኩን ላውድ አድርጋችሁ መሬት ላይ አስቀምጡትና ሥራችሁን ጀምሩ።

አሁን ወደ መጫኑ። የአንዱን እጃችሁን የመዳፍ ግርጌ በደረቱ መሀል፣ በደረት አጥንቱ የታችኛው ግማሽ ላይ አድርጉ። ሌላውን እጅ ከላዩ ደርቡ። ክርናችሁ አይታጠፍ። ትከሻችሁ ከእጃችሁ በላይ ቀጥ ብሎ ይዋል፤ የሚጫነው ክንዳችሁ ሳይሆን የሰውነታችሁ ክብደት ነው። ለአዋቂ ሰው ጥልቀቱ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ከ6 ያልበለጠ። ወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ሰው ላይ ግን ብዙ ነው፤ አብዛኛው ሰው እንዳይጎዳ እየፈራ ከሚገባው በታች ይጫናል። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው፤ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ገደማ ማለት ነው። ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ቁጠሩ።

ከእያንዳንዱ ጫና በኋላ ደረቱ ሙሉ በሙሉ ተመልሶ ይነሳ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ሲደክመን ደረቱ ላይ እንደገፋለን። ልብ በደም የሚሞላው ግን ደረት ሲመለስ ነው። ካልተመለሰ ቀጥሎ የምትገፉት ደም አይኖርም። ሳታቋርጡ በጥሩ ሁኔታ ብትሠሩ እንኳን የምታዘዋውሩት ደም ጤነኛ ልብ ከሚረጨው ከሲሶው አይበልጥም። ያቋረጣችሁ ጊዜ ደግሞ ግፊቱ ወዲያው ይወርዳል፣ መልሶ ለማምጣት ደጋግሞ መጫን ይጠይቃል። ስለዚህ ላብ ለመጥረግ፣ «እስቲ ነቃ ይሆን?» ብሎ ለማየት አይቆምም።

ገና ስጀምር ደረታቸው ውስጥ ቀጭ የሚል ነገር ከእጄ ሥር ተሰማኝ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንዳለ ድምፅ ነው። የጎን አጥንት ነበር። አሰልጣኛችን አስቀድማ ባትነግረን ኖሮ እዚያው ላይ እተወው ነበር ብዬ አስባለሁ። አጥንት ይጠገናል። የእጃችሁን ቦታ አስተካክሉ፣ ቀጥሉ።

ቀጥሎ ያልጠበቅኩት ነገር መጣ። ስጫን ማጣጣራቸው ጨመረ። እጃቸውም ትንሽ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። «ነቁ! ነቁ! በቃ አቁሚ!» ተባለ። አንጎል ትንሽ ደም ሲያገኝ እንዲህ ሊሆን ይችላል። እየተጫናችሁ ሰውየው ማጣጣሩ ሥራችሁ ውጤት እያመጣ መሆኑን ሊያሳይ ይችላል፤ ግን ልቡ ተመልሷል ማለት አይደለም። የሚቆመው ዓይኑን ሲገልጥ፣ ሲንቀሳቀስና በተለመደው መንገድ ሲተነፍስ ነው። ካልሆነም ባለሙያ ሲረከባችሁ፣ ወይም አቅማችሁ ሲያልቅ።

አቅም ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ጂም የሚሄድ ሰው ጭምር ከ2 ደቂቃ በኋላ ሳያውቀው ጫናው እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ ሰው ካለ በየ2 ደቂቃው ተቀያየሩ። የተካኝ ማን መሰላችሁ? ያ «ተያቸው፣ ይተነፍሳሉ» ያለኝ ልጅ። ስልጠና ወስዶ አያውቅም። አጠገቤ ተንበርክኮ የማደርገውን አየ፣ እጄን ሳነሳ እሱ ቀጠለ። እኔ ቆጠርኩለት። ከእኔ ይልቅ እሱ በደንብ ነበር የሚጫነው።

ስለ አፍ ለአፍ ትንፋሽ ልንገራችሁ። የሰለጠነ ሰው 30 ጊዜ ይጫንና 2 ጊዜ ትንፋሽ ይሰጣል። አፍንጫውን በጣት ይዞ፣ አገጩን አንስቶ፣ አንድ ሰከንድ ያህል ደረቱ ከፍ እስኪል ብቻ። በኃይል መንፋት አየሩን ወደ ሆድ ይልከዋል፣ ሰውየውም ሊያስመልስ ይችላል። እኔ መከላከያ ጭምብል አልነበረኝም፣ የአምቡላንሱን ስልክ ያነሳችውም ሴት «መጫኑን ብቻ ቀጥሉ» ስላለችን ያንኑ አደረግን። አዋቂ ሰው ድንገት ሲወድቅ ደሙ ውስጥ ገና ኦክስጅን አለ። የሚያስፈልገው ያንን ወደ አንጎል የሚያደርስ ጫና ነው። የማያውቁት ሰው አፍ ላይ አፍ ማድረግ የሚቀፋችሁ ከሆነ ይህ ምክንያት ሆኖ ከነጭራሹ እንዳትተዉት። ደረቱን ብቻ መጫን ምንም ካለማድረግ እጅግ ይሻላል።

ውሃ ውስጥ የሰመጠ፣ የታነቀ ወይም ትንፋሽ በሚያፍን መድኃኒት ራሱን የሳተ ሰው ግን ይለያል። እነዚህ ሰዎች መጀመሪያ ያጡት አየር ነው። ለእነሱ ትንፋሽ ያስፈልጋቸዋል፤ ለሰመጠ ሰው እንዲያውም የሚጀመረው በትንፋሽ ነው።

ጥበቃው ኤኢዲውን ይዞ መጣ። ልብን በኤሌክትሪክ ንዝረት ወደ ምቱ ለመመለስ የሚሞክር ትንሽ ማሽን ነው። በየቀኑ በአጠገቡ እያለፍን ብዙዎቻችን የፋሻ ሣጥን ይመስለን ነበር። ማሽኑ ሲበራ ራሱ ይናገራል። ልብሳቸውን በመቀስ ቀደድን፣ ላባቸውን ጠረግን፤ እርጥብ ቆዳ ላይ ፓዱ፣ ማለትም ንዝረቱን ወደ ደረት የሚያስተላልፈው ተለጣፊ፣ አይይዝም። አንዱ ፓድ ከቀኝ አንገት አጥንት በታች፣ ሌላው በግራ ጎን ከብብት ዝቅ ብሎ ይለጠፋል። ሥዕሉ ፓዱ ላይ አለ። ያ ሁሉ ሲሆን ልጁ መጫኑን አላቋረጠም። ማሽኑ «አትንኩ» ሲል ብቻ ሁላችንም እጃችንን አነሳን።

በፊልም ላይ ስክሪኑ ቀጥ ያለ መስመር ሲያሳይ ሐኪሞች በኤሌክትሪክ ሲያስነሱ አይታችሁ ይሆናል። እንደዚያ አይሠራም። ድንገት የቆመ ልብ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ላይ ያለ ሥርዓት ይርገበገባል እንጂ ጭራሽ ጸጥ አይልም። እየተርገበገበ ግን ደም አይረጭም። ኤሌክትሪኩ ያንን መርገብገብ ያስቆመውና ልብ የራሱን ምት እንዲጀምር ዕድል ይሰጠዋል። ንዝረት ያስፈልግ እንደሆነ የሚወስነው ማሽኑ ነው፤ የማያስፈልገውን ሰው አይመታም። ስለዚህ አጠፋለሁ ብላችሁ አትፍሩት። የሚያስፈራው መዘግየት ነው። ደረት ሳይጫን በሚያልፍ በእያንዳንዱ ደቂቃ ሰውየው በንዝረቱ የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል።

ንዝረቱ ሲሰጥ ሰውነታቸው ዘለል አለ። ሁላችንም ይነሳሉ ብለን አፍጥጠን ቀረን። ማሽኑ ግን «መጫን ቀጥሉ» አለ። ልብ ምቱ ቢመለስም ወዲያው ጉልበት አያገኝም፤ ስለዚህ ንዝረት እንደተሰጠ ሳትጠብቁ ትጫናላችሁ። ማሽኑ በየ2 ደቂቃው እንደገና ያያል።

አምቡላንሱ ሲደርስ ባለሙያዎቹ ተረከቡን። ጋሼ ተርፈዋል። ዛሬ ደረታቸው ቆዳ ሥር ምት ሲዛባ የሚያስተካክል ትንሽ መሣሪያ ተቀብሮላቸዋል። ያን ጠዋት ጨርሶ አያስታውሱትም። የሚያስታውሱት ለሳምንታት ያስቸገራቸውን የጎናቸውን ሕመም ነው፤ ሲያገኙኝ በእሱ ይቀልዱብኛል። ሁሉም ታሪክ ግን እንዲህ አያልቅም። ከሆስፒታል ውጪ ልባቸው ከሚቆም ሰዎች የሚተርፉት ጥቂቶቹ ናቸው። ሁሉን በትክክል አድርጋችሁ ሰውየው ሊያልፍ ይችላል። ያ ከሆነ በእናንተ ምክንያት አይደለም። የሞከረ ሰው ሌሊት እንቅልፍ ማጣቱ፣ ምስሉ እየመጣ ማስቸገሩ የተለመደ ነው፤ ለሚሰማችሁ ሰው አውሩት።

ደረት መጫን ሲያስቡት ጥንታዊ ነገር ይመስላል። ግን እኮ ትናንት ነው የመጣው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ ጋይ ኒከርቦከር የተባለ ወጣት ተመራማሪ በውሾች ላይ ሙከራ ይሠራ ነበር። ንዝረት የሚሰጠውን ማሽን ከባድ የብረት ሰሌዳዎች ደረታቸው ላይ ሲጫን የደም ግፊታቸው ከፍ እንደሚል ልብ አለ። ከኢንጂነሩ ዊልያም ኩወንሆቨንና ከሐኪሙ ጄምስ ጁድ ጋር ሆነው በ1960 ግኝታቸውን አሳተሙ። ከዚያ በፊት የተለመደው ደረትን ከፍቶ ልብን በእጅ ማሸት ነበር። ያንን ደግሞ ሒሳብ ሠራተኛ አይሠራውም።

ልጆች ያሏችሁ ይህን ያዙልኝ። የሕፃን ልብ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው ትንፋሽ ቀድሞ ስለሚጠፋ ነው። ስለዚህ ለእነሱ ትንፋሽ መስጠት አይቀርም። የአውሮፓው መመሪያ በ5 ትንፋሽ ጀምሩ ይላል፤ የአሜሪካው ከመጫን ይጀምርና ወደ ትንፋሹ ይሄዳል። የተማራችሁትን አድርጉ። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከሆነ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ አታዘንብሉት፣ ቀጥ ይበል። አፋችሁ አፉንም አፍንጫውንም አንድ ላይ ይሸፍን። ደረቱን በሁለት እጃችሁ አቅፋችሁ በሁለቱ አውራ ጣቶች ተጫኑ። ጥልቀቱ የደረቱ ሲሶ ነው፤ ለሕፃን 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ከፍ ላለ ልጅ 5።

የማይነቃ ግን በእርግጥ የሚተነፍስ ሰው ከሆነ በጎኑ አስተኙት፣ አገጩን ቀና አድርጉ። ምራቅም ትውከትም ወደ ውጪ ይፈስሳል። ከዚያ ጥላችሁት አትሂዱ። ትንፋሹን እያያችሁ ጠብቁ፤ ማጣጣር ከጀመረ መልሳችሁ በጀርባው ታስተኙታላችሁ።

ስልጠና የመውሰድ ዕድል ካገኛችሁ ውሰዱ። ስትገቡም አሰልጣኙን አንድ ነገር ጠይቁልኝ፤ የሚያጣጥር ሰው ቪዲዮ እንዲያሳያችሁ። የምንለማመድበት አሻንጉሊት ጸጥ ብሎ ነው የሚተኛው። አያጓራም፣ መንጋጋው አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ሰልጣኙ መጫንና መቁጠር ለምዶ ይወጣና፣ እውነተኛው ሰው ከፊቱ ወድቆ አየር ሲስብ ሲያየው ግራ ይገባዋል። በእኛ መሥሪያ ቤት አሁን በየጊዜው ስልጠና ሲኖር አስቀድሞ ቪዲዮው ይታያል። ማየት ደስ አይልም፤ አንዳንዱ ፊቱን ያዞራል። ርዝመቱ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።